ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ፦ ፕሮግራመር የሰው ኮድ እንዴት ያነባል?

አንድ መስመር ኮድ እንውሰድ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍላል፤ 3 ከተረፈ 13ኛው ወር 6 ቀን አለው፣ አለዚያ 5 ቀን አለው ይላል። ማብራሪያ አልተጻፈበትም። ይህን መስመር ሁለት ሰዎች ፊት እናስቀምጠው። አንደኛው አሥር ዓመት ኮድ ሲጽፍ የኖረ፣ ኢትዮጵያን ግን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ሁለተኛዋ ትምህርቷን ገና ያልጨረሰች የአዲስ አበባ ተማሪ ናት። ባለሙያው ያይና ግንባሩን ይቋጥራል። 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት ደግሞ እሱ በሚያውቀው አቆጣጠር ለ4 ተካፍሎ ምንም የማይተርፈው ነው። ስህተት ያገኘ መስሎት 3ቱን አጥፍቶ 0 ቢተካበት አይፈረድበትም። ተማሪዋ ግን "ሉቃስ ነዋ!" ብላ ታልፋለች። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ መሆኑን ከአያቷ ሰምታለች። (ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንባቢ "5500ው ዓመተ ፍዳ የት ሄደ?" ሊል ይችላል። ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ቢደመርም ባይደመርም ውጤቱ ያው ነው፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ይህንንም ያውቅ ነበር ማለት ነው።)

ታዲያ ኮዱን የተረዳው ማን ነው? ባለሙያው እያንዳንዱ ምልክት ኮምፒውተሩን ምን እንደሚያዝዝ ሳይሳሳት ይነግረናል። ተማሪዋ ምናልባት የቀሪ ምልክቱን ከመማሪያ መጽሐፍ ፈልጋ ታይ ይሆናል። መስመሩን የሚያበላሸው ግን ባለሙያው ነው።

ሰው የማያውቀውን ኮድ እንዴት ይረዳል የሚለው ጥያቄ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሥነ ልቦናና የኮምፒውተር ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። ይህን ጨምሮ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጉጉት አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አይቢኤም ውስጥ የተደረገ ጥናት ነባር ፕሮግራም የሚጠግኑ ሠራተኞች ግማሽ ያህል ጊዜያቸውን ኮዱን ለመረዳት ብቻ እንደሚያውሉ ገምቶ ነበር። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ7 ፕሮጀክቶች የሚሠሩ 78 ባለሙያዎችን ለ3,148 የሥራ ሰዓት ኮምፒውተራቸው ላይ በተተከለ መከታተያ ተከታትሎ 58 በመቶ የሚሆነው ጊዜ በመረዳት እንደሚያልቅ አሳየ። መካከላቸው አርባ ዓመት አለ። ቋንቋው፣ መሣሪያው፣ የማሽኑ ፍጥነት ሁሉ ተለውጧል፤ የመረዳቱ ድካም ግን ከነበረበት እምብዛም አልተነቃነቀም። ፕሮግራመርን "ኮድ ጻፊ" ብለን መጥራታችን እንግዲህ ከሥራው አነስተኛውን ክፍል ይዘን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከቼዝ የተወረሱ ናቸው። ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሩት፣ ቀጥሎም በ1973 ዊልያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን አንድ ነገር አስተውለዋል። ታላቅ ተጫዋች ከእውነተኛ ጨዋታ መሐል የተወሰደ ሰሌዳ ለጥቂት ሰከንድ ቢያይ ጠጠሮቹን አብዛኛውን በቦታቸው መልሶ ይደረድራል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ከተበተኑ ግን ከጀማሪ ብዙም አይሻልም። ቤን ሽናይደርማን በ1976 ይህንኑ በፎርትራን ፕሮግራም ሞከረው፤ እነ ማክኬይተን ደግሞ በ1981 በአልጎል ደገሙት። ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ልምድ ያለው ፕሮግራመር በቅደም ተከተሉ የተጻፈ ኮድ በቃሉ ሲይዝ፣ መስመሮቹ ከተደባለቁ ብልጫው ይጠፋል። ስለዚህ ያ ሰው የማስታወስ ችሎታው ከኛ የተለየ አይደለም። ብልጫው የሚመጣው መስመሮቹን በጅምላ፣ ትርጉም ባለው ጥቅል እያደረገ ስለሚውጥ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰው "ኢትዮጵያ" የሚለውን ቃል አምስት ፊደል አድርጎ እንደማይቆጥረው ያለ ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥተው ሽናይደርማንና ሪቻርድ ማየር በ1979 ኮድ ከታች ወደ ላይ ይነበባል የሚል አሳብ አቀረቡ፤ መስመር ከመስመር ጋር ጥቅል ይሆናል፣ ጥቅሎቹ ደግሞ ከፍ ያለ ትርጉም ይሠራሉ። ሩቨን ብሩክስ በ1983 ተቃራኒውን ተናገረ። እሱ እንደሚለው አንባቢው ከመጀመሪያው ግምት ይዞ ነው የሚመጣው። "ይህ የደሞዝ ፕሮግራም ከሆነ አንድ ቦታ ግብር የሚቀነስበት ይኖራል" ብሎ ይገምትና ግምቱን የሚያረጋግጥ ምልክት ይፈልጋል። ብሩክስ እነዚህን ምልክቶች ለመርከበኛ ወደቡን በሚያመለክት የባሕር መብራት ስም ጠርቷቸዋል። ሱዛን ዊደንቤክ በ1986 ዋጋዎችን በቅደም ተከተል በሚደረድር ፕሮግራም ሞክራ አሳይታለች፦ ሁለት ዋጋዎች ቦታ የሚለዋወጡባቸውን ሦስት መስመሮች ልምድ ያላቸው አንባቢዎች ከሌላው መስመር ሁሉ አብልጠው ያስታውሳሉ፤ እነሱን ሲያዩ "ይህ መደርደሪያ ነው" ብለው ይደመድማሉና። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ኮድ ውስጥም የራሳችን መብራቶች አሉ። ከሰዓት ላይ 6 የሚቀንስ መስመር፣ ወሩ 11 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ዓመቱን በአንድ የሚያሳድግ መስመር ያጋጥማል። የመጀመሪያው የጧት አንድ ሰዓትን፣ ሁለተኛው ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይታያሉ።

ከታች ወደ ላይ ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች የሚለው ክርክር አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ለእኔ ከመጀመሪያውም ብዙ ሊያከራክር የሚገባው አልነበረም። ስታንሊ ሌቶቭስኪ በ1986 ፕሮግራመሮችን ኮድ እያነበቡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ እንዳመቻቸው ከላይም ከታችም እንደሚዘልቁ አገኘ። "ይህ ለምን እዚህ መጣ?"፣ "ይህ እንዴት ይሠራል?"፣ "ይህ ምንድን ነው?" እያሉ ይጠይቃሉ፤ ይገምታሉ፤ ግምታቸውን ይጥላሉ። በ1995 ፎን ማየርሃውዘርና ቫንስ ሁሉንም አሳቦች አንድ ላይ አዋሕደው ክርክሩን ዘጉት። የሚያውቁት ዓይነት ሲስተም ከሆነ ከላይ ይጀምራሉ፤ ከቶ እንግዳ ከሆነባቸው ወደ መስመሩ ይወርዳሉ። ማንኛውም ጠጋኝ ይህን ያውቀዋል።

ከዚያ ዘመን የበለጠ የሚነበበው የኤሊየት ሶሎዌይና የኬት ኧርሊክ የ1984 ሥራ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሠሩ፣ እኩል የሚረዝሙ ጥንድ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። አንዱ በፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደውን ወግ ይጠብቃል፤ ሌላው በትንሹ ያፈርሰዋል። ለምሳሌ ትልቁን ቁጥር የሚይዝ ስም የተሰጠው ቫሪያብል ትንሹን ይይዛል። ወጉ ሲጠበቅ ባለሙያዎቹ ከጀማሪዎቹ እጅግ ተሽለው ተገኙ። ወጉ ሲፈርስ ወደ ጀማሪዎቹ ተርታ ወረዱ። ይህ ውጤት ሁለት ፊት አለው። ባለሙያ በሚያነብበት ጊዜ አብዛኛውን ነገር አያነብም፤ ይሆናል ብሎ የጠበቀውን ያያል። ስለዚህም ካልጠበቀው ነገር ጋር ሲጋጠም የሚከዳው ያው ያፈጠነው ልማዱ ነው። የሉቃሱን 3 ወደ 0 የሚለውጠው ሰው ሰነፍ አይደለም፤ የለመደው ነገር ነው ያታለለው።

ስለ ሉቃስ መስመር በደንብ የሚነግረን ግን የናንሲ ፔኒንግተን የ1987 ጥናት ነው። ፔኒንግተን ሰው ተራ ጽሑፍ እንዴት ይረዳል ከሚለው የዋልተር ኪንችና የቶይን ቫን ዳይክ ሥራ ተነሥታ 80 ባለሙያ ፕሮግራመሮችን ፈተነች፤ ግማሾቹ የኮቦል፣ ግማሾቹ የፎርትራን ሰዎች ነበሩ። አንባቢ በአእምሮው ሁለት ሥዕል ይሥላል አለች። አንዱ የአሠራሩ ሥዕል ነው፤ ምን ከምን ቀጥሎ ይፈጸማል፣ የትኛው መስመር የትኛውን ይጠራል። ሌላው የጉዳዩ ሥዕል ነው፤ ይህ ቁጥር በውጭው ዓለም የማን ደሞዝ፣ የየትኛው ቱቦ ርዝመት፣ የስንተኛው ቀን ነው። አንባቢው ቀድሞ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ሳይመጣ ይቀራል። ከሁሉ በተሻለ የተረዱት ደግሞ በሁለቱ መካከል ሳይሰለቹ የሚመላለሱት ሆኑ። ስለ ኮዱ ብቻ ወይም ስለ ጉዳዩ ብቻ የሚያወሩት ወደ ኋላ ቀሩ።

በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ ነገር የተነገረው አይመስለውም። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ግዕዙን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን እያለ ዳዊት ይደግማል። መጣሉንና ማንሣቱን ሳይስት ሊያነብ ይችላል፤ ትርጉሙን ግን አልተማረም፤ አልተጠየቀምም። ትርጓሜ ቤት ሌላ ቤት ነው፤ ሌላ መምህር፣ ሌሎች ዓመታት ይፈልጋል። እዚያም አንዱን ጥቅስ መምህሩ ይፈታና "አንድም" ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ እንደገና "አንድም" ይላል። የሌቶቭስኪ ፕሮግራመሮች ጮክ ብለው ሲያስቡ የተሰማው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ኮድ አንባቢው በመጨረሻ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አለበት፤ ማሽኑ ሁሉንም አንድም አይቀበልለትም።

ፔኒንግተን ከምትለው አንድ እርምጃ የዘለለው ዴንማርካዊው ፒተር ናውር ነው። በ2005 የቱሪንግ ሽልማትን ያገኘው ናውር በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ፕሮግራም ማለት ኮዱ አይደለም ይላል። ፕሮግራሙ በሠሪዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ንድፈ አሳብ ነው። የሚያስረዳበት ታሪክ ይህ ነው፦ አንድ ቡድን ለአንድ ኮምፒውተር ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮድን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ሠራ። ሌላ ቡድን ያንኑ ወስዶ በትንሹ ለተለየ ቋንቋ ሊያሰፋው ፈለገ። ኮዱ ተሰጠው፤ ሰፊ ማብራሪያ ተሰጠው፤ የመጀመሪያው ቡድን ምክርም አልተነፈገውም። ሆኖም ሁለተኛው ቡድን ያቀረባቸው ማሻሻያዎች፣ ኮምፓይለሩ በውስጡ ይዞት የነበረውን መንገድ ትተው ከውጭ የሚለጥፉ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ወዲያው አይተው አረሙት። ከዓመታት በኋላ፣ ሠሪዎቹ በሌሉበት፣ ያ ኮምፓይለር የቀድሞ መዋቅሩ በልጥፎች ተውጦ ተገኘ። ናውር ከዚህ ተነሥቶ ሠሪዎቹ ሲበተኑ ፕሮግራሙ ይሞታል ብሎ ደመደመ፤ ከጽሑፍ ብቻ ማስነሣትም ከባድ ነው አለ።

ከጥፋቱ በኩል ለናውር የሚመሰክርለት የአሪያን 5 ሮኬት ነው። ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓውያኑ አዲስ ሮኬት ተነሥቶ በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታተነ። መንሥኤው ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ የአቅጣጫ መለኪያ ሶፍትዌር ነበር። አንድ በ64 ቢት የተያዘ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲገለበጥ ሞልቶ ፈሰሰ። በአሪያን 4 ያ ቁጥር ያን ያህል ሊያድግ አይችልም ነበርና ጥበቃ አላስፈለገውም። ኮዱ ደህና ነበር። "ይህ የሚሠራው ሮኬቱ ከዚህ በላይ ወደ ጎን በማይሄድበት አገር ነው" የሚለው ዕውቀት ግን ከሮኬት ወደ ሮኬት አልተሻገረም።

ናውር ግን ያጋነነ ይመስለኛል፤ ምስክሬም ጆን ላየንስ ነው። ላየንስ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከቤል ላብራቶሪ የመጣውን የዩኒክስ ስርዓተ ክወና 6ኛ እትም፣ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ መስመር ያለውን የስርዓቱን እምብርት፣ ለተማሪዎቹ አሳትሞ ከጎኑ መስመር በመስመር የሚፈታ ማብራሪያ ጻፈ። ሠሪዎቹ ከሱ በውቅያኖስ የራቁ ነበሩ። ማብራሪያው ግን እነሱም የሚያደንቁት ሆነ። ቀጣዩ የዩኒክስ እትም ሲወጣ ኮዱን ክፍል ውስጥ ማስተማር በፈቃድ ውሉ ስለተከለከለ መጽሐፉ በገሃድ ሳይታተም ኖረ። ተማሪዎች በፎቶኮፒ፣ የፎቶኮፒውንም ፎቶኮፒ እያደረጉ ተቀባበሉት፤ በይፋ ለገበያ የቀረበው በ1996 ነው። በትውልዱ ከነበሩት የስርዓት ፕሮግራመሮች ስንቱ ከዚያ ደብዛዛ ወረቀት እንደተማረ ሲታሰብ፣ ትጉ አንባቢ የሞተ የተባለውን ንድፈ አሳብ ከኮዱ መልሶ ሊያወጣ እንደሚችል መቀበል ግድ ይሆናል።

በዚያው ኮድ ውስጥ በፕሮግራመሮች ዘንድ ተረት የሆነ አንድ ኮሜንት አለ። ማሽኑ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ረቂቅ ስፍራ ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ አንባቢው ይህን ይረዳል ተብሎ እንደማይጠበቅ ይነግረዋል። ብዙ ሰው ትዕቢት አድርጎ ወሰደው። ከዩኒክስ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ ከዓመታት በኋላ ሲያስረዳ የአሳባቸው መንፈስ "ይህ ፈተና ላይ አይመጣም" እንደማለት ነበር አለ። ከዚያም የባሰውን ጨመረ፤ ነገሩ እነሱም በውል አልገባቸውም ነበር። ዘዴው የሠራው በፒዲፒ 11 ማሽን ኮምፓይለር ጠባይ ምክንያት ነው፤ ዩኒክስን ወደ ሌላ ማሽን ሲያሻግሩት ከመሠረቱ ስህተት መሆኑ ታየ። ናውር ንድፈ አሳቡ በሠሪው ጭንቅላት አለ ሲል፣ አንዳንዴ እዚያም እንደሌለ አላሰበበትም።

አሁን ከቤተ ሙከራ ወጥተን ወደ ሥራ ቦታ እንሂድ። እዚያ ሰው ኮድ እንደ መጽሐፍ አያነብም። በ1990ዎቹ ካናዳ ውስጥ በአንድ የቴሌኮም ኩባንያ የሚሠሩ ጠጋኞችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚያዘወትሩት ተግባር ፍለጋ መሆኑን አዩ፤ በግሬፕና በመሰሎቹ ቃል መፈለግ። ጉግል ውስጥ በ2015 የታተመ ጥናትም አንድ ሠራተኛ በቀን በአማካይ 12 ጊዜ ያህል የኮድ ፍለጋ ጥያቄ እንደሚያቀርብ ይናገራል። እነ ኤሚ ኮ በ2006 አሥር የጃቫ ፕሮግራመሮችን ሲያጠኑ 35 በመቶ የሚሆነው ጊዜ ከፋይል ፋይል በመዝለል፣ ቀድሞ ያዩትን ቦታ መልሶ በመፈለግ ብቻ እንደሚያልቅ ቆጠሩ። ጆናታን ሲሊቶና ጓደኞቹ ደግሞ ፕሮግራመሮች በሥራ ላይ የሚያነሷቸውን የጥያቄ ዓይነቶች ለቅመው 44 አደረሷቸው። "ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኔ ጉዳይ የት ነው ያለው?" ከሚለው ይጀምራሉ፤ "ይህን ብነካ ምን ይፈርሳል?" እስከሚለው ይደርሳሉ። የመጨረሻው ዓይነት ጥያቄ መሣሪያዎቹ ከሁሉ ያነሰ የሚረዱበት ነው።

ጀርመኖቹ ሮምና ባልደረቦቹ በ2012 በ7 ኩባንያዎች 28 ፕሮግራመሮችን ተመልክተው የጻፉት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ፕሮግራመሮች ቢችሉ ኮዱን ከመረዳት ይሸሻሉ። የሚመስለውን ቦታ ፈልገው፣ ቀድተው፣ ለጥፈው፣ ሲሠራ ትተውት ይሄዳሉ። ለመረዳት ሲገደዱ ደግሞ መጀመሪያ እንደ ተጠቃሚ ሆነው ስክሪኑን ይነካካሉ። ተመራማሪዎች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመረዳት ይጠቅማል ብለው የሠሩትን መሣሪያ ሲጠቀም የተገኘ እምብዛም የለም። ለመስኩ ሰዎች መራር ዜና ነበር። ማይክሮሶፍት ውስጥ በ2006 የተደረገውም ጥናት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ስለ ኮዱ የሚፈለገው ዕውቀት አብዛኛው ያለው በሰዎች ጭንቅላት ነው፤ የሚገኘውም ጎረቤትን ከሥራው አናጥቦ በመጠየቅ ነው።

ታዲያ መሸሹ ያስከፍላል ወይ? ሊትማንና ጓደኞቹ (ሶሎዌይና ሌቶቭስኪም ከነሱ መሐል ናቸው) በ1986 አሥር ባለሙያዎችን 250 መስመር ያለው የፎርትራን ፕሮግራም እንዲያሻሽሉ ሰጧቸው። ፕሮግራሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥርዓት ተከትለው ያነበቡት ተሳካላቸው። የሚያስፈልጋቸውን ክፍል ብቻ ቆንጥረው ያነበቡት፣ ክፍሎቹ በስውር የሚገናኙበትን መንገድ ስላላዩ ሳቱ። የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ጥናት ይወዱታል። እኔ ግን 250 መስመር ዛሬ አንድ ፋይል እንኳ እንደማይሞላ ማስታወስ እፈልጋለሁ። ሁለት ሚሊዮን መስመር ፊቱ የተከመረበት ሰው ከዳር እስከ ዳር ላንብብ ቢል ጡረታው ይደርሳል። ማርቲን ሮቢላርድና ጓደኞቹ በ2004 ያገኙት ለዛሬ ሠራተኛ ይበልጥ የሚበጅ ነው። የተሳካላቸው ሁሉን ያነበቡ አልነበሩም፤ ምን እንደሚፈልጉ ወስነው ከአንዱ ቦታ ወደ ተያያዘው የሄዱ ናቸው። ያልተሳካላቸው እየተንሸራተቱ በአጋጣሚ የሚያነቡት ነበሩ።

ስለ ዓይንና ስለ አንጎል በአጭሩ ልለፍ፤ ጩኸቱ ከፍሬው ይበልጣልና። የዓይን መከታተያ ጥናቶች ሰው ኮድን እንደ ልብ ወለድ ከላይ እስከ ታች እንደማያነብ፣ ልምድ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ እንደሚዘል አሳይተዋል፤ የጃፓኖቹ የ2006 ሥራ አንባቢ በመጀመሪያው 30 በመቶ ጊዜው ከመስመሮቹ 70 በመቶ በላይ የሚሆነውን ቃኝቶ እንደሚጨርስ ይናገራል። ጀርመን ማግደቡርግ ውስጥ እነ ዚግሙንድ በ2014 አሥራ ሰባት ሰዎችን በመቃኛ ማሽን ውስጥ ኮድ ሲያስነብቡ ከቋንቋ ጋር የሚያያዙ የአንጎል ክፍሎች ሠሩ። ጋዜጦች "ኮድ ቋንቋ ነው" ብለው ጻፉ። በ2020 የኤምአይቲና የጆንስ ሆፕኪንስ ቡድኖች በየፊናቸው ባሳተሙት ደግሞ ዋናው ሸክም የሚያርፈው ከቋንቋው ስፍራ ውጪ፣ ከአመክንዮና ከአስቸጋሪ ስሌት ጋር በሚያያዘው መረብ ላይ ነው። ሁለቱንም ያነበበ ጠጋኝ ነገ ጧት ሥራው ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

ስም አወጣጥ ግን ያው ጠጋኝ በየቀኑ የሚታገለው ነው። ሆፍማይስተር፣ ዚግሙንድና ሆልት በ2017 ባለሙያ የሲ ሻርፕ ፕሮግራመሮችን ሲፈትኑ፣ ቫሪያብሎቹ ሙሉ ቃል ሲሆኑ በፊደልና በምሕጻረ ቃል ከተሰየሙበት ይልቅ ስህተት የማግኘቱ ፍጥነት 19 በመቶ ከፍ አለ። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቪዳንና ፋይተልሰን በዚያው ዓመት ያሳዩት የበለጠ ያስደነግጣል። የሚያሳስት ስም ትርጉም ከሌለው ፊደል የከፋ ነው፤ ትርጉም የሌለውን አንባቢ አያምነውም፣ የሚያሳስተውን ግን ያምነዋል። አማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ለሚጽፉ የኛ ፕሮግራመሮች ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በደሞዝ ሲስተም ውስጥ "ተከፈለ" የሚል ቫሪያብል ብታገኙ ለሠራተኛው ተሰጠ ማለት ነው ወይስ ለ30 ቀን ተካፈለ? ቃሉ ሁለቱንም ነው። ጸሐፊው አንዱን ብቻ አስቦ ነበር።

ከማንበብም ሌላ መንገድ አለ፤ ማስኬድ። ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1968 እንደጻፈው የሰው አእምሮ የቆመ ነገር ማየት ይቀናዋል፤ በጊዜ ውስጥ የሚፈስን ነገር ማየት ግን ይከብደዋል። ኮድ በወረቀት ላይ ቆሟል፤ ሲሮጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ዲበገር ከፍቶ መሐል ላይ ማስቆም፣ ቫሪያብሉ ምን እንደያዘ ማየት ይህን ክፍተት ያጠባል። ማይክል ፌዘርስ በ2004 ስለ ነባር ኮድ በጻፈው መጽሐፍ የሚመክረው ከዚህ ይልቃል። ኮዱ ማድረግ የሚገባውን ትታችሁ አሁን የሚያደርገውን የሚመዘግብ ቴስት ጻፉ ይላል፤ ስህተቱንም ጭምር። ለመረዳት ብላችሁ ኮዱን እንዳሻችሁ ገነጣጥሉት፣ ስታበቁ ሁሉንም ጣሉት ይላል። ከሁሉም ምክሮች ይህን የመጨረሻውን እወዳለሁ፤ ማንም ሥራ አስኪያጅ ሊጣል የሚሠራ ሥራ ስለማይፈቅድ ብዙዎች በስውር ነው የሚያደርጉት።

ዛሬ ደግሞ ኮዱን አንብቦ የሚፈታ ማሽን መጥቷል። የሉቃሱን መስመር ብትሰጡት በሰከንድ ውስጥ ስለ ጳጉሜን ያስረዳችኋል፤ ካርታ ብቻ የሚያውቀውን ባለሙያ ያድነዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በ2025 አንድ ጥናት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ለዓመታት በሚያውቁት የራሳቸው ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራ ሲያሠራቸው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዙት ሥራዎች 19 በመቶ ዘገዩ፤ ሰዎቹ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ናውር ቢሰማ አይገርመውም፤ ንድፈ አሳቡን የያዙት እነሱ ነበሩና ለረዳቱ ማስረዳት ራሱ ሥራ ሆነባቸው። ለእንግዳ ኮድ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ማሽን የጻፈውን፣ ማንም ተረድቶት የማያውቅ ኮድ ነገ የሚጠግነው ሰው የትኛውን የመጀመሪያ ቡድን ሊጠይቅ ነው?

ተማሪዋ ተመርቃ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች እንበል። የደሞዙን ፋይል ስትከፍት 13ኛውን ወር የሚዘል መስመር ታገኛለች። ወርኀዊ ደሞዝተኛ በጳጉሜን ስለማይከፈለው ይገባታል። ከሥሩ ግን ለጥበቃ ሠራተኞች ብቻ ጳጉሜንን የሚከፍል ሌላ መስመር አለ። ማሽኑን ትጠይቃለች፤ ሦስት የሚያሳምኑ ምክንያቶች ይሰጣታል፤ ሦስቱም ግምት ናቸው። የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበውን የጊት ታሪክ ትፈትሻለች፤ ለውጡ ላይ የተጻፈው "ተስተካክሏል" የሚል አንድ ቃል ነው፤ ጸሐፊው ከለቀቀ ቆይቷል። ተነሥታ ሁለት ፎቅ ወርዳ ፋይናንስ ክፍል ትገባለች። ከሁሉም ቀድመው የተቀጠሩት ሂሳብ ሠራተኛ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያዳምጧታል።

"እነሱ ያኔ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ አምስቱም ቀን ይታሰብላቸው ነበር" ይሏታል። "ወደ ወርኀዊ ከተዛወሩ እኮ ስንት ዓመታቸው! ያ ነገር እስካሁን አለ እንዴ?"